ለምርቃት ቶኪዮ፦ በ80 ዶላር ሦስት ሰው የት ያድራል?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ቶኪዮ በስኮላርሺፕ ተምሮ ማርች 24 ይመረቃል። ዩኒቨርሲቲው ቡንክዮ የሚባል ወረዳ ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና የ5 ዓመት ልጃችን ከአዲስ አበባ ለመሄድ አስበናል፤ ስምንት ሌሊት። ለማደሪያ በቀን ከ80 ዶላር በላይ አንችልም። ወንድሜ ያለበት የተማሪዎች ማደሪያ እንግዳ አያሳድርም። ኢንተርኔት ላይ የማየው ወይ 200 ዶላር ነው፣ ወይ ደግሞ ሬሳ ሣጥን የሚመስል ነገር ነው። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ጃፓን ተምሮ መመረቅ ቀልድ አይደለም። እኔም እዚያው ከተማ ተማሪ ሆኜ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ ሥራዬ ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎችን ማሰናዳት ነው። ስለዚህ መጥፎውን ዜና ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። ቀኑ ክፉ ቀን ላይ ነው የወደቀው።

የጃፓን የትምህርት ዓመት የሚያልቀው ማርች ላይ ነው። የቼሪ አበባ የሚፈነዳውም ማርች መጨረሻ ላይ ነው። ቶኪዮ ውስጥ አበባው መፍካቱ የሚታወጀው ያሱኩኒ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግቢ ያለች አንዲት ዛፍ ታይታ ነው። አምስት ስድስት አበባ ከፈነዳባት አለቀ፣ ዜና ይሆናል። በ2023 ማርች 14 ፈካች። በ2024 እስከ ማርች 29 አስጠበቀች። በ2025 ልክ ማርች 24 ሆነ። ቀኑን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሆቴሎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያለውን ሁሉ አስወደዱት። በዚያ ላይ አገሩ በጎብኚ ተጨናንቋል። በ2024 ብቻ ወደ 36.8 ሚሊዮን የውጭ ሰው ገብቷል። የጃፓን ገንዘብ የን ሲወድቅ ዶላር የያዘ ሁሉ ሄደ፤ ክፍሉ ግን ያው ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሄደ ዘመድ «ኧረ በ40 ዶላር ነው ያደርነው» ቢልዎት አልዋሸም። የዛሬው ዋጋ ግን ሌላ ነው።

አንድ ዶላር 150 የን ብለን ብናሰላ 80 ዶላር 12,000 የን ነው። በዚህ ዋጋ ማደሪያ ይገኛል። ግን ሰው ሁሉ በሚፈልግበት መንገድ ከፈለጉ አያገኙትም።

200 ዶላር እየታየዎት ያለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ፍለጋው ላይ «3 ሰው» ብለው ሳይሞሉ አልቀሩም። ቶኪዮ ውስጥ ባለ ሦስት አልጋ ክፍል እንደ ልብ አይገኝም። ያሉት ጥቂቶች ደግሞ ለቤተሰብ ጎብኚ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ውድ ናቸው። የከተማው አብዛኛው ክፍል የተሠራው ለሥራ ለሚመላለስ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት ነው። ልጅዎ ግን 5 ዓመቷ ነው። ጃፓኖች «ሶይኔ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሕፃን ከወላጁ ጋር በአንድ አልጋ ሲተኛ ማለት ነው። ብዙ ሆቴል ለዚህ አያስከፍልም። አንዳንዱ እስከ 5 ዓመት ይላል፣ አንዳንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስክትጨርስ ድረስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ፍለጋው ላይ 2 አዋቂ ብለው ይሙሉ፣ ልጅቷን በልጅ ቦታ ከነዕድሜዋ ያስገቡ፣ ከዚያ የሆቴሉን የልጆች ደንብ ያንብቡ። ጭራሽ ሳይናገሩ ይዘዋት መሄድ ግን አይሆንም። እዚያ አገር ስንት ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዳለ በትክክል ይመዘገባል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያልተመዘገበ ልጅ ይዞ መቆም ደግሞ ከ14 ሰዓት በረራ በኋላ የሚመኙት ጭቅጭቅ አይደለም።

ሌላ ወጥመድ አለ። የጃፓን ማደሪያዎች፣ በተለይ በራሳቸው ድረ ገጽ፣ ዋጋ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ በሰው ነው። 6,500 አይተው «ተገኘ!» ይላሉ። ለሁለት ሲሆን 13,000 ነው። ከመደሰትዎ በፊት ጠቅላላውን ይዩ።

አሁን አልጋ። ለሥራ ተመላላሽ በተሠራው ሆቴል፣ ማለትም በቢዝነስ ሆቴል፣ «ሴሚ ደብል» የሚባለው አልጋ ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርካሹ እሱ ነው። ለባልና ሚስት ራሱ የጫጉላ ሽርሽር ካልሆነ ይጠባል፤ ልጅ ሲጨመርማ አንዱ መሬት ይወርዳል። የእናንተ አልጋ «ሆሊውድ ትዊን» የሚሉት ነው። ስሙ ያስቃል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ተገጣጥሞ እንደ አንድ ሲሆን ማለት ነው። ልጅቷን መሃል ያስተኟታል። ክፍሉ ግን ሰፊ እንዳይመስልዎት። 3 ሜትር በ4 ሜትር ያስቡ፣ ሻወሩንም ጨምሮ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አንድ ላይ ከፍቶ መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ይያዙ። ሆቴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሳንቲም የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ አላቸው፤ ሦስት ሳንቲም ጎርሶ ያጥብልዎታል።

ሌላው ለልጅ የሚመች ነገር የጃፓን ዓይነት ክፍል ነው። ወለሉ ታታሚ የሚባል የሣር ምንጣፍ ነው፣ አልጋ የለም፣ ማታ ፍራሽ ይነጠፋል። ከአልጋ የሚወድቅ ልጅ የለም። ኡኤኖና አሳኩሳ አካባቢ በቤተሰብ የሚተዳደሩ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች እንዲህ ዓይነት ክፍል አላቸው። መታጠቢያው የጋራ ከሆነ ይረክሳል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ አገር ልጅ አዲስ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የት ሰፈር?

ሰው ሁሉ ሺንጁኩና ሺቡያ ይላል፤ ፊልም ላይ ያየው እሱን ነው። እኔ የምለው ሰፈር አይምረጡ፣ የባቡር መስመር ይምረጡ። የእናንተ መስመር ደግሞ ግልጽ ነው። ከናሪታ አየር ማረፊያ የሚነሳ ኬይሴይ የሚባል ባቡር አለ። ፈጣኑና ውዱ «ስካይላይነር» ነው፤ እሱን ይተዉት። «አክሰስ ኤክስፕረስ» የሚባለውን ይያዙ። ከተማ ሲደርስ ኦሺያጌ ላይ ወደ አሳኩሳ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ይገባና ሳያስወርድዎት ይቀጥላል። አሳኩሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዋጋው ከ1,500 የን በታች ነው፣ የ5 ዓመት ልጅ በነፃ ትሄዳለች። በዚህ መስመር ላይ ኦሺያጌ፣ ሆንጆ አዙማባሺ፣ አሳኩሳ፣ ኩራማኤ፣ አሳኩሳባሺ ተከታትለው ይመጣሉ። እነዚህን አምስት ስሞች ይጻፏቸው። ፍለጋዎ እነሱ ዙሪያ ይሁን።

ከአምስቱ እኔ የምወደው ሆንጆ አዙማባሺን ነው። አሳኩሳ ጎብኚ የሚርመሰመስበት፣ ትልቁ የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ያለበት ነው። ሆንጆ አዙማባሺ ከሱ አንድ ፌርማታ ነው፤ ሱሚዳ ወንዝን ተሻግሮ። በእግርም ድልድዩን ማቋረጥ ነው። ግን ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ማታ ጸጥ ይላል። ጎረቤት ሱፐርማርኬት እንጂ የቅርስ ሱቅ አይበዛበትም። ወንዝ መሻገር ብቻውን ገንዘብ የሚያተርፍበት ከተማ ነው።

ይህን መስመር የመረጥኩበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ከኦሺያጌ በሌላው አቅጣጫ፣ በዝግታው ባቡር ጥቂት ፌርማታ ሲሄዱ ዮትሱጊ ይደርሳሉ። ካትሱሺካ ወረዳ ነው። ቶኪዮ ያሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩት እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም አለ። ወንድምዎ በደንብ ሳያውቀው አይቀርም። ምርቃቱ የሚውለው ደግሞ ሁዳዴ ውስጥ መሆኑን አስበውበታል? የጃፓን ምግብ ለጿሚ የሚመች ይመስላል፤ ሩዝ፣ ቶፉ፣ አትክልት። ግን ሾርባው በአብዛኛው «ዳሺ» በሚሉት የዓሣ ውኃ ነው የሚሠራው። ዓሣ ለማይበላ ጿሚ ያስቸግራል። የሆቴል ቁርስ አለ ብለው ሦስት መቶ የን ቢያስጨምሩዎት ለጾም አይረዳዎትም። ሩዝ በባሕር አረም ተጠቅልሎ በየሱቁ ይሸጣል። ኮምቡ ወይም ኡመቦሺ ያለበትን ይምረጡ፤ አንዱ የባሕር ተክል ነው፣ ሌላው ኮምጣጤ የሚያስንቅ ፍሬ።

ለዚህ ነው ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ የሚያጓጓው። ይህን በዝርዝር ልንገርዎት፣ ምክንያቱም እኔን ራሴን በልቶኛል።

በግል ቤት እንግዳ ማሳደር ጃፓን ውስጥ «ሚንፓኩ» ይባላል። በ2018 ጁን 15 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለው። ባለቤቱ መመዝገብ አለበት፣ በዓመት ከ180 ሌሊት በላይ ማከራየት አይችልም፣ የምዝገባ ቁጥሩም ማስታወቂያው ላይ መኖር አለበት። አንዳንድ ወረዳ ደግሞ ከዚህም አጥብቆ በመኖሪያ ሰፈር ከሰኞ እስከ ዓርብ ይከለክላል። ሕጉ ሊጸና ሲል የቤት ማከራያው ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢ ያልተመዘገቡ ቤቶችን በጅምላ ከገጹ አነሣ፤ ቀድመው የያዙ እንግዶች ሜዳ ላይ ቀሩ። በሆቴል ፈቃድ የሚሠሩ አፓርታማዎችም አሉ። እነሱ የ180 ሌሊት ገደብ የለባቸውም፣ የፈቃድ ቁጥር ግን አላቸው።

ከሕጉ በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በማርች ማደሪያ ቀየርኩና መሃል ላይ ሁለት ሳምንት ክፍተት ተፈጠረ። ርካሽ ክፍል አገኘሁ። ባለቤቱ «ጎረቤት ከጠየቀህ ጓደኛዬ ነው በል» ብሎ ጻፈልኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሻንጣ እየጎተትኩ ስደርስ ቁልፉ ይቀመጥበታል የተባለው ሣጥን ባዶ ነው። ስልክ አይነሣም። ባቡር ሊያቆም ነው። ያደርኩት ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ማንበቢያ ካፌ ውስጥ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ሻንጣዬን ታቅፌ ነው። እኔ ወንደላጤ ነበርኩ። ከ5 ዓመት ልጅ ጋር ግን እንዲህ አይታደርም። ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ፣ «ዝም ብለህ ግባ» የሚል ባለቤት ካዩ ይለፉት።

ቁጥር ያለው ካገኙ ግን ስምንት ሌሊት ለእናንተ ጥሩ ርዝመት ነው። የጽዳት ክፍያ የሚባል ነገር አለ፤ ለሁለት ሌሊት ሲሆን ያማል፣ ለስምንት ሲካፈል ይቀላል። ሂሳቡን ያን ክፍያ ጨምረው ለስምንት ያካፍሉት። ከ13,000 የን በታች ከመጣ፣ በጾሙ ሽሮ ማብሰል መቻሉ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ሽሮው ከቤት ይሄዳል መቼስ።

አሁን ቀን። ቶኪዮ ላይ በጣም ውዱ ሌሊት ቅዳሜ ነው። ዓርብ ይከተላል። እሁድ ማታ ግን አገሬው ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ዋጋው ይወርዳል። ያው ክፍል ቅዳሜ 18,000፣ እሁድ 10,000 ሲሆን አይቻለሁ። ትኬቱ ከፈቀደ እሁድ ይግቡና የሚቀጥለው ሰኞ ይውጡ፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመታዎት። ቅዳሜ ገብተው እሁድ ቢወጡ ያው ስምንት ሌሊት ሁለት ቅዳሜ ይሆናል። ዓርብና ቅዳሜን ለብቻ ነጥለው ከከተማው ወጣ ማለትም ይቻላል። ካዋጉቺ ከአራካዋ ወንዝ ማዶ ያለች የሌላ ክፍለ ሀገር ከተማ ናት፤ በባቡር ከኡኤኖ 20 ደቂቃ ገደማ። ግን ልጅ ይዞ ሆቴል መቀያየር አድካሚ ነው። ለ4,000 የን ብዬ እኔ አላደርገውም።

ቪዛውን እንዳይረሱ። የጃፓን ቪዛ ሲጠይቁ የሚሞሉት የጉዞ ፕሮግራም በየቀኑ የት እንደሚያድሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ማደሪያ ከቪዛ በፊት መያዝ አለበት። የማይመለስ ቅናሽ የሚለውን እንዳይነኩት፤ ቪዛው ቢዘገይ ገንዘቡ ቀለጠ። በነፃ የሚሰረዝ ይያዙ። አሁኑኑ ይያዙ። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ክፍል የሚከፍቱት ስድስት ወር ቀደም ብለው ነው። የማርች ደግሞ ቀድሞ ያልቃል። ከያዙ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ቀን ደግመው ይፈልጉ። ረክሶ ካገኙ አዲሱን ይያዙ፣ አሮጌውን ይሰርዙ። ቅደም ተከተሉን ግን አያዛቡ፤ መጀመሪያ ይያዙ፣ ከዚያ ይሰርዙ። የተሰረዘውን ሆቴል ደግሞ ቪዛ ላይ ከጻፉት አዲሱን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ሲያዩ የማይታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሲጋራ። አንድ ሆቴል ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌላው 1,500 የን ከረከሰ፣ ምናልባት የሚጨስበት ክፍል ነው። ጃፓን አሁንም እንዲህ ዓይነት ክፍሎች አሉ። አንድ ደንበኛዬን ሳላይ እዚያ ልኬ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ሁለተኛው «ከጣቢያው 7 ደቂቃ» የሚለው። እዚያ አገር በቤት ማስታወቂያ አንድ ደቂቃ 80 ሜትር ተብሎ ነው የሚሰላው። 7 ደቂቃ 560 ሜትር ነው። መብራት ላይ ቆመው የሚጠብቁት፣ ደረጃውና የልጅ እርምጃ አይቆጠርም። ከናንተ ጋር 15 ደቂቃ ይሆናል። ከ5 ደቂቃ በላይ የሚል ካለ ዋጋው በደንብ መርከስ አለበት።

የሆቴል ቀረጥ ቶኪዮ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ አለ፤ በእናንተ ዋጋ ግን አይደርስባችሁም። በነፍስ ወከፍ በሌሊት ከ10,000 የን በታች የሚከፍል ነፃ ነው። ፓስፖርታችሁን ፎቶ ኮፒ ሲያደርጉ አይደንግጡ፣ የመንግሥት መመሪያ ነው። ጉርሻም የለም።

«ሬሳ ሣጥን» ስላሉት ነገር። ካፕሱል ሆቴል ነው። የመጀመሪያው በ1979 ኦሳካ ውስጥ ተከፈተ። ባቡር ላመለጠው ሠራተኛ ነው የታሰበው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚተኛው፣ ሕፃን አይገባም፤ ስለዚህ ለእናንተ አይሆንም። ብቻውን ለሚሄድ ግን ሣጥን ብሎ መናቅ አያስፈልግም፣ ንጹሕ ነው፣ እንቅልፍም ያስወስዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የጋራ መታጠቢያ ያላቸው ብዙዎቹ ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። የወንበዴ ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ነው። አንገታቸው ላይ ውቅራት ያላቸውን እናት ይዞ የሄደ ደንበኛ ነበረኝ፤ በር ላይ መለሷቸው። ምን ብለው እንደሚያስረዱ አስቡት።

ይህን ለሚያነቡ ብቸኛ መንገደኞች አንድ ሰፈር ልጨምር፦ ሚናሚ ሴንጁ። አጠገቡ ሳንያ የሚባል የቀን ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋን የገነቡት፣ የ1964ቱን ኦሊምፒክ መንገድና ድልድይ የሠሩት ሠራተኞች የሚያድሩበት። ማደሪያዎቹ «ዶያ» ይባላሉ። በጃፓንኛ ማደሪያ «ያዶ» ነው፤ ሠራተኞቹ ገልብጠው ዶያ አሉት። ቃል መገልበጥ የኛም አራዶች ያውቁበታል። ሠራተኞቹ ሲያረጁና ሲቀንሱ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። በ2002 የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ርካሽ የሚፈልግ የውጭ ሰው አገኛቸው። ዛሬ አምስት ካሬ ሜትር ገደማ የሆነች ክፍል፣ ታታሚና ፍራሽ ያላት፣ መታጠቢያው የጋራ፣ ከ4,000 እስከ 5,000 የን ይገኛል። ሽማግሌዎቹ አሁንም መንገድ ላይ ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ ማንንም አይነኩም። ኦሳካም ሺን ኢማሚያ ጣቢያ አካባቢ ተመሳሳይ ሰፈር አላት። ለሁለትና ለሦስት ግን ክፍሎቹ አይበቁም።

ወደ እናንተ ልመለስ። እኔ በናንተ ቦታ ብሆን ዛሬ ማታ ሁለት ነገር እይዛለሁ፤ ሁለቱንም በነፃ የሚሰረዙ። አንዱ ሆንጆ አዙማባሺ ወይም ኩራማኤ አካባቢ ሆሊውድ ትዊን ያለው፣ ሲጋራ የማይጨስበት ቢዝነስ ሆቴል። ሌላው እዚያው መስመር ላይ ቁጥር ያለው ባለ ወጥ ቤት አፓርታማ። ፌብሩዋሪ ላይ ወንድምዎን ልከው ሁለቱንም ከውጭ ያስዩ፤ ደረጃ እንዳለው፣ ሊፍት እንዳለው፣ ማታ ምን እንደሚመስል። ቡንክዮ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ባቡር ቀይሮ ይደረሳል፣ የምርቃቱ ቀን ጠዋት ባቡሩ ስለሚጨናነቅ ግን ቀደም ብላችሁ ውጡ። ከዚያ አንዱን ይሰርዛሉ።

የምትደርሱበትን ሰዓት ደግሞ ለማደሪያው አስቀድመው ይጻፉለት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል አድርጎ ናሪታ የሚገባው ምሽት ላይ ነው። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ አንድ ሰዓት ባቡር ሲደመር እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ይችላል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ትንንሾቹ ማረፊያዎች ግን በምሽቱ አራት ሰዓት የሚዘጉ አሉ። አድራሻውን በጃፓንኛ አስጽፈው በወረቀት ይያዙ። የመጨረሻው ባቡር ቢያመልጣችሁ ለታክሲ ሹፌሩ የሚያሳዩት እሱን ነው።